«የበሬን ውለታ ወሰደው ፈረሱ» ሲባል ላሪ ሆልምስ የቱ ነው?

ሰሞኑን ደሴ ሙጋድ አካባቢ ቡና እየጠጣን የቦክስ ክርክር ተነሳ፣ አሜሪካዊው ቦክሰኛ ላሪ ሆልምስ ታላቅ ይባላል ወይስ አይባልም ነው ጉዳዩ። አንዱ ወንድማችን ሞቅ አለውና «እሱ እኮ ሙሐመድ አሊ ካረጀ በኋላ መጥቶ የመታ ሰው ነው፣ የበሬን ውለታ ወሰደው ፈረሱ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ክርክሩን ዘጋው። ተረት ስለተጠቀሰ ብቻ ሁሉም እሺ አለ። እኔን ግን አልዋጥልህ አለኝ፣ ተረቱ ከነሥሩ ተገልብጧላ።

ሙሉው እንዲህ ነው፦

የበሬን ውለታ ወሰደው ፈረሱ፣
ከኋላ ተነስቶ ቀድሞ በመድረሱ።

«ውለታ»ን «ምስጋና» እያሉ ሚሉትም አሉ፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ትርጉሙን ማንም ያውቀዋል፣ ግን በሬው ምን እንደሚሠራ ያላየ ሰው ነገሩን የመቅደምና የመቀደም ወሬ ብቻ ያስመስለዋል።

እኔ ያደግኩት ደላንታ ነው፣ ደጋው ላይ፣ ገብስና ምስር ሀገር። እኛ ጋ በልግም መኸርም ስለሚዘራ በሬ ሚያርፍበት ጊዜ ጠባብ ነው። ገመሳው አለ፣ አይማው አለ፣ ሥልሱ አለ፣ ያንኑ መሬት እየተመላለሰ ነው ሚያርሰው፣ ዝናቡ ጠፍቶ ዘሩ ከተበላሸ ደግሞ እንደገና። አያቴን አባባ ነው ምንላቸው፣ ማታ በሬዎቹን ከቀንበር ሲፈቱ መጀመሪያ እጃቸው ሚሄደው ወደ ጫንቃቸው ነበር፣ ቀንበሩ የላጠው ቦታ ካለ ቅቤ በአውራ ጣታቸው እያሹ ይቀቡታል፣ ቦራ ሚባለው በሬያችን ያኔ ዓይኑን ጨፈን አርጎ አንገቱን ዝቅ ያደርግላቸዋል። ከዛ ከአፋር የመጣውን አሞሌ ጨው ያስልሷቸዋል። ይሄ ሁሉ ሚሆነው እሳቸው እግራቸውን ሳይታጠቡ፣ እራት ሳይቀርብላቸው ነው።

እህሉ ደርሶ ታጭዶ ተከምሮ አውድማው በእበት ሲለቀለቅም እዛ ያለው በሬው ነው። ነዶው ላይ ሲዞር ይውላል፣ እኛ ልጆቹ ከኋላ እየነዳን፣ ትልልቆቹ በመንሽ እያገላበጡ፣ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ በላይዳ እየበተኑ፣ በቃ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ምርቱ ንጹሕ ሆኖ ስልቻ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ፈረሱ ሚመጣው። እስከዛ መስኩ ላይ ሳሩን ሲግጥ ነበር። ይጫናል፣ ቁልቁል ወደ ቤት ይነዳል፣ ደጅ ላይ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ በረከቱን ይዞ የገባው እሱ ነዋ፣ ገብስ በቁና ይቀርብለታል፣ አንገቱን ይታሻል። በሬው ሲጨላልም ቀስ እያለ ይደርስና በረት ይገባል፣ ጭዱን ይበላል፣ እልል ሚልለት የለም።

እንግዲህ ከየት መጣ ለሚለው የራሴ እምነት አለኝ። አንዳንዱ ሰው ከዘመቻ ጋር ያያይዘዋል፣ በሬ አርሶ ሠራዊቱን ይቀልባል፣ ድሉን ግን ፈረሰኛው ይወስደዋል ይላሉ። ያምራል፣ ግን እኔ አልቀበለውም። እኔ ምለው ይሄ ግጥም አውድማ ላይ ነው የተወለደው፣ ያውም እንደኛ ባለ የወሎ ደጋ ላይ፣ በሬና ፈረስ አንድ ደጅ ሚያድሩበት ሀገር፣ ቆላ ቢሆን ጫኙ ግመል ወይ አህያ ይሆን ነበር። የገጠመውም የሰው መሬት ሚያርስ ሎሌ ነው። በሬውን እየነዳ በዜማ ይለዋል፣ ባላባቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ግን ምን ብሎ ይቆጣል? የተነሳው ከብት ነው እንጂ ሰው አይደለም። ሰሙ በሬና ፈረስ፣ ወርቁ ዓመቱን ሙሉ የደከመው ሎሌና በመጨረሻ ቀን በፈረስ ብቅ ብሎ ምርት ሚያስከፍለው ሰውዬ። ለኔ ከዚህ የተሻለ ሚገጥም ታሪክ የለውም።

ዋናው ነገር ግን ግጥሙ ፈረሱን አለመውቀሱ ነው። ፈረሱ ምን አጠፋ? የጫኑትን አደረሰ። ወቀሳው ደጅ ቆሞ የገባውን ብቻ አይቶ ለሚያመሰግነው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሆልምስ እንምጣ። ይሄ ሰው ከሻምፒዮንነቱ በፊት ለዓመታት የአሊ የልምምድ ተጋጣሚ ነበር፣ ፔንስልቬንያ ዲር ሌክ ካምፕ ውስጥ አሊ ለትልልቅ ፍልሚያ ሲዘጋጅ ቡጢ እየተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከኬን ኖርተን ጋር 15 ዙር ተናንቆ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን ወሰደ፣ ሰባት ዓመት ይዞ 20 ጊዜ አስጠበቀው። 48 ለ 0 ደርሶ፣ ማለትም 48 ጊዜ አሸንፎ አንዴም ሳይሸነፍ፣ የቀድሞውን ሻምፒዮን የሮኪ ማርሲያኖን 49 ለ 0 ሊስተካከል አንድ ሲቀረው በ1985 በማይክል ስፒንክስ በነጥብ ተሸነፈ። በ1980 አሊን በ10 ዙር ሲያሸንፈው ደግሞ ሳይጨፍር አለቀሰ። ለዚያ ድል ያገኘው ምንድነው? ጥላቻ! ሰዉ የሚወደውን ሰው መታበት። ታዲያ ምንም ውለታ ያልወሰደ ሰው እንዴት ፈረስ ይባላል?

ደግሞ ይሄንን አስተውሉ። አሊ በሆልምስ ሲሸነፍ 38 ዓመቱ ነበር። በ1988 ማይክ ታይሰን ሆልምስን በአራተኛው ዙር ሲዘርረው ሆልምስም 38 ዓመቱ ነበር። ሆልምስን «ሽማግሌ መታ» እያለ ሚከሰው ሰው ለታይሰን ሲሆን ቪዲዮውን ደጋግሞ እያየ ያጨበጭባል። ከአሊ በኋላ ያለውን ረጅም እርሻ ያረሰው ሆልምስ ነው፣ ከኋላ ተነስቶ የሰዉን ልብ ቀድሞ የገባበት ታይሰን፣ እሱም ቢሆን ጥፋት የለበትም፣ ያጨበጨብነው እኛ ነን።

ዛሬ ዛሬ ይሄን ግጥም መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድገት ያገኘ ወጣት ላይ ሁሉ ይለጥፉታል፣ ልጁ ሠርቶ ያግኝ አያግኝ ሳያዩ፣ ዘግይቶ ስለተቀጠረ ብቻ! ይሄ ለበሬ መቆርቆር አይደለም። ሆልምስ ታላቅ አይባልም ምትሉ ካላችሁም የስፒንክስን ሽንፈት ጥቀሱ፣ የተጋጣሚዎቹን ደረጃ አምጡ፣ እሱ ክርክር ነው፣ እስኪመሽ እንከራከራለን። ይሄን ግጥም ግን ከሱ ላይ አንሱለት።