አዲሲቷ አሜሪካ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ነፃነቷን ባገኘች ማግስት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ስፔን ዙሪያዋን ከበዋት ነበር። ስለዚያ ዘመን የውጭ ግንኙነቷ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዋሽንግተን በስንብት ንግግሩ ከማንም ጋር እንዳትወዳጁ ብሏል።»

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ንግግር የሚባለው በአፍ የተነገረ አይደለም፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1796 በፊላደልፊያ ጋዜጣ ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። ዋሽንግተን ያስጠነቀቀውም ከቋሚ ጥምረት እንጂ ክፉ ቀን ሲመጣ ለጊዜው ከመተባበር አይደለም። በእሱ ስም የሚጠቀሰው «ከማንም ጋር የሚያጠላልፍ ጥምረት አይኑረን» የሚለው ሐሳብ የሦስተኛው ፕሬዚዳንት የቶማስ ጀፈርሰን ነው፤ በ1801 ሥልጣን ሲረከብ የተናገረው።

«ገለልተኛ የሆነችው የማንም ዕዳ ስላልነበረባት ነው።»

ዕዳማ ነበረባት፤ ያውም የነፃነት ዕዳ። የፈረንሳይ ጦርና መርከቦች ባይደርሱላት ኖሮ የ1781ዱ የዮርክታውን ድል የሚታሰብ አልነበረም። ከፈረንሳይ ጋር በ1778 በተፈራረመችው ውል መሠረት አሜሪካም በካሪቢያን ያሉትን የፈረንሳይ ግዛቶች ለመጠበቅ ቃል ገብታለች። በ1793 ፈረንሳይና እንግሊዝ ጦርነት ሲገጥሙ ዋሽንግተን ለሁለቱም ሳናዳላ በወዳጅነት እንኖራለን የሚል አዋጅ አወጣ። «ገለልተኝነት» የሚለው ቃል በአዋጁ ውስጥ አንድም ቦታ የለም፤ የፈረንሳዩም ውል አልተሰረዘም። የፈረንሳዩ መልእክተኛ ዤኔ ግን በአሜሪካ ወደቦች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች የሚያጠቁ መርከቦችን ማስታጠቅ ጀመረ። ዋሽንግተን መልእክተኛው ወደ አገሩ እንዲጠራ ጠየቀ። ፓሪስ ላይ አዲስ ሥልጣን የያዙት ሊያስሩት ሲፈልጉ ግን አሳልፎ አልሰጠውም፤ ሰውየው ኒው ዮርክ ውስጥ ኖሮ እዚያው ሞተ። ጠንካራ ጦር ላልነበራት አገር ለሁለቱም አለማዳላት ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«እንግሊዝ በ1783ቱ ስምምነት ጠቅልላ ወጣች።»

የነፃነት ጦርነቱን ከቋጨው ከዚያ ስምምነት በኋላም አልወጣችም። ዲትሮይትንና ናያግራን የመሳሰሉ ምሽጎችን የለቀቀችው በ1794 በተፈረመው የጄይ ውል መሠረት፣ በ1796 ነው። ብዙ አሜሪካውያን ውሉን እንደ ውርደት ቆጥረው የተደራዳሪውን የጆን ጄይን ምስል በአደባባይ አቃጥለዋል።

ከእንግሊዝ ጋር የወገኑት ነባር ሕዝቦች የደረሰባቸው ግን ከዚህ የከፋ ነው። ኦገስት 20 ቀን 1794 ፎለን ቲምበርስ በተባለው ቦታ በአሜሪካ ጦር ተሸንፈው በአቅራቢያው ወዳለው የእንግሊዝ ምሽግ ሲሸሹ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። አዛዡ ለእነሱ ሲል ከአሜሪካ ጋር ጦርነት መክፈት አልፈለገም።

«ሉዊዚያናን ያስገኘው የጀፈርሰን ብልህነት ነው።»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሉዊዚያና ስል ያኔ የፈረንሳይ የነበረውን፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ የተንጣለለውን ሰፊ ግዛት ማለቴ ነው። ጀፈርሰን ሊገዛ የፈለገው የኒው ኦርሊንስን ወደብና ፍሎሪዳን ነበር። ኤፕሪል 11 ቀን 1803 የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታሌይራን አሜሪካዊውን ሮበርት ሊቪንግስተንን ሉዊዚያናን በሙሉ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሊቪንግስተን አንፈልግም፣ የምንፈልገው ኒው ኦርሊንስንና ፍሎሪዳን ብቻ ነው አለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአገሪቱን ስፋት እጥፍ ያደረገው መሬት በ15 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

የፈረንሳዩ መሪ ናፖሊዮን ምን ነክቶት ሸጠ? ከእንግሊዝ ጋር አዲስ ጦርነት እየመጣ ስለነበር ገንዘብ አስፈልጎታል። ከዚያ በፊት ግን የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው በካሪቢያኗ ሃይቲ ላይ ተሰብሯል። ራሳቸውን ከባርነት ነፃ ያወጡ ሰዎች፣ ቢጫ ወባም ታክሎበት፣ የላከውን ጦር ፈጁት፤ የጦሩ መሪ የነበረው የእህቱ ባል ሌክለርክ እንኳን በ1802 እዚያው በበሽታው ሞተ። ሃይቲ ከእጁ ካመለጠች ለእሷ ስንቅ እንድታቀርብ የታሰበችው ሉዊዚያና ብቻዋን ምን ትፈይድለታለች? የሃይቲው መሪ ቱሳን ሉቨርቱር ግን ይህን ሳያይ፣ ታሌይራን ያን ጥያቄ ከማንሳቱ 4 ቀን በፊት፣ ፈረንሳይ ውስጥ በብርዳማ ተራራ ላይ ባለ ምሽግ ታስሮ ሳለ ሕይወቱ አልፏል።

ሃይቲ በ1804 ነፃነቷን ስታውጅ የጀፈርሰን መንግሥት ዕውቅና ነፈጋት፤ በ1806 ደግሞ ከእሷ ጋር መነገድን በሕግ ከለከለ። የባሪያ አሳዳሪዎቹ ፍርሃት ባሮቻቸው የሃይቲን ምሳሌ እንዳይከተሉ ነበር። ዕውቅናው የተሰጠው በ1862፣ የባሪያ አሳዳሪዎቹ የደቡብ ግዛቶች ተወካዮች ኮንግረሱን ጥለው ከወጡ በኋላ ነው።