«ሽማግሌው ተዋረደ» አትበሉ፦ በራሳቸው ስለሚቀልዱ አንጋፋ ተዋናዮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች ፀጉር ቤት ውስጥ ወረፋ እየጠበቅን ነበር። ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። የአክሽን ፊልሞቹ ተዋናይ የቫን ዳም የ2013ቱ ማስታወቂያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሁለት የቮልቮ ከባድ መኪኖች ጎን ለጎን ወደ ኋላ ይነዳሉ። ሰውዬው እጁን አጣምሮ፣ አንድ እግሩን በአንደኛው መኪና መስታወት ላይ፣ ሌላውን በሁለተኛው ላይ አሳርፎ ቆሟል። ስላሳለፈው ውጣ ውረድ ያወራል። ከዚያ መኪኖቹ ይራራቃሉ፣ እሱም እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቀስ እያለ ስፕሊት ይወርዳል። ያኔ 53 ዓመቱ ነበር።

«ጋሼ፣ አያሳዝንም? ሽማግሌው ለማስታወቂያ ብሎ ተዋረደ እኮ» አለኝ ልጁ።

እኔ ይህን ሰው ያወቅሁት ካራቆሬ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን «አክተሩ አይሞትም» እየተባባልን። ስለዚህ ነገሩ ከነከነኝ። እንዲህ ዓይነት ወሬ ደግሞ ከልጁ ብቻ አይደለም የምሰማው። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ካልቸገረው ማን በራሱ ይቀልዳል?»

ገንዘብ የለበትም አልልም። ግን ጊዜውን እዩ። ካናዳዊውን ተዋናይ ዊሊያም ሻትነርን ታዋቂ ያደረገው ስታር ትሬክ የሚባል የጠፈር ድራማ በ1969 ሲቋረጥ ኪሱ ባዶ ነበር። በፒክአፕ ላይ በተሠራች ማደሪያ ውስጥ እስከመኖር ደርሷል። በዚያ ክፉ ጊዜ በራሱ አልቀለደም፣ ያገኘውን ሥራ ሁሉ እየያዘ ይሠራ ነበር እንጂ። ሳተርደይ ናይት ላይቭ በሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ቀልድ ፕሮግራም መድረክ ላይ ወጥቶ በራሱ ዝናና በአድናቂዎቹ የቀለደው በ1986 መጨረሻ ነው። ያኔ አራተኛው የስታር ትሬክ ፊልም ሲኒማ ቤቶችን ሞልቶ ነበር። የተራበ ሰው በራሱ ሲቀልድ ተመልካቹ ይጨነቃል፣ ሳቁም አፉ ላይ ይቀራል። የጠገበ ሰው ሲቀልድ ነው አብረን የምንስቀው።

«ክብሩን ያጣል»

እዚሁ ሻትነር ላይ እንቆይ። በ2004 እና በ2005 ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደ። የሸለሙት ዴኒ ክሬን የሚባል ጠበቃ ሆኖ በመጫወቱ ነው፣ ስሙን በየአጋጣሚው የሚጠራ፣ ራሱን የሚወድ፣ ትዝታው እየከዳው ያለ ትልቅ ሰው። ሰዎች ሻትነርን ለዓመታት «ጉረኛ» እያሉ ሲያሙት ኖረዋል። እሱ ያንን ሐሜት አንስቶ ገጸ ባሕርይ አደረገው። የመጀመሪያውን ሲቀበል 73 ዓመቱ ነበር። በሐሜቱ ተናዶ መልስ ሲሰጥ ቢኖር ኖሮ ይህ ሥራ በእጁ አይገባም ነበር።

«ቀላል ነው፣ ዝም ብሎ ሞኝ መሆን ነው»

ይሄኛው ነው በጣም የሚያናድደኝ።

ሌስሊ ኒልሰንን ውሰዱ። በ1926 የተወለደ ካናዳዊ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ኮስታራ ሰው ሆኖ ነው የተወነው፦ የመርከብ አዛዥ፣ መኮንን፣ ሐኪም። በ1980 «ኤርፕሌን» የሚባለውን ኮሜዲ የሠሩት ሦስት ወጣቶች ኮሜዲያን አልፈለጉም። ሆን ብለው እንደ እሱ ያሉ፣ ፊታቸው ሲታይ ቁምነገር የሚመስሉ አንጋፋዎችን ሰበሰቡ። «ቀልድ እንደሆነ የማታውቁ መስላችሁ ተጫወቱ» ነው ነገሩ። ኒልሰን አውሮፕላን ውስጥ ያለው ሐኪም ነው። ዙሪያው ሁሉ እብደት ሆኖ ሳለ እሱ ግን ለበሽተኛ ውጤት እንደሚነግር ሰው ረጋ ብሎ ያወራል። ቅንድቡ እንኳ አይነቃነቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ፈገግ ቢል ጠቅላላው ይፈርሳል። ቀልድ የሚያወራ ጓደኛችሁ ቀድሞ ራሱ ሲስቅ ምን እንደሚፈጠር ታውቁታላችሁ አይደል? እሱን ነው ኒልሰን አንድም ቀን ያላደረገው፣ ለዚያ ደግሞ የሠላሳ ዓመቱ ኮስታራነት ስንቅ ሆነው።

እዚያም ላይ ቢሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1982 የሠራው የፖሊስ ኮሜዲ ድራማ በስድስት ክፍል ብቻ ተቋረጠ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ያው ገጸ ባሕርይ «ኔክድ ጋን» ተብሎ ፊልም ሆነ። ኒልሰን 62 ዓመቱ ነበር፣ በዓለም የታወቀውም ያኔ ነው። ሌሎች ሰዎች ጡረታ በሚወጡበት ዕድሜ ማለት ነው።

«ማንም ያረጀ ተዋናይ ሊያደርገው ይችላል»

አይችልም። ቀልዱ የሚሠራው ተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ አስቀድሞ የተሳለ ምስል ሲኖር ነው። ተዋናይቷ ቤቲ ዋይት በአሜሪካ የሁሉም ሰው ደግ አያት ነበረች። በ2010 በስኒከርስ ቸኮሌት ማስታወቂያ ላይ ኳስ ሜዳ ገብታ ጭቃ ውስጥ ስትወድቅ (ተርቦ አቅም ያጣ ወጣት ነው እሷን መስሎ የሚታየው) ሰው የሳቀው ያቺን አያት ስለሚያውቅ ነው። በዚያው ዓመት በ88 ዓመቷ ሳተርደይ ናይት ላይቭን መራች፣ ለዚያም ኤሚ ተሸለመች። የማይታወቅ ሰው ጭቃ ውስጥ ቢወድቅ ወደቀ ነው የሚባለው፣ በቃ።

«እኛ ባህል ውስጥ አይሄድም፣ ትልቅ ሰው ይከበራል»

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? አዝማሪው እንግዳውንም ራሱንም እየነካካ ነው የሚያመሸው። አባባ ተስፋዬ ደግሞ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ተጫውተዋል። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ «አባባ» ብሎ ነው የጠራቸው። ክብራቸው የት ሄደ?

እኛ ጋ ችግሩ ሌላ ነው። ለአንጋፋ ተዋናይ የሚጻፍለት ቦታ ወይ አባት ነው፣ ወይ ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ወይ ዳኛ። ሁለት ትዕይንት፣ ከዚያ ወደ ቤት። ስሙን መልሰን የምንሰማው ታሞ የሕክምና ገንዘብ ሲለመንለት ነው። ይህ በጣም ያመኛል። እነዚህ ሰዎች አርባ ዓመት ያካበቱት ድምፅ፣ አረማመድ፣ ሰው በቃሉ የያዘው አነጋገር አላቸው። ጽፎ የሚሰጣቸው ቢገኝ እነሱ ራሳቸው ይጫወቱበት ነበር።

«በእርጅና መሳቅ ነው»

ጥሩው ቀልድ በዝናው ላይ ነው እንጂ በጉልበት ሕመሙ ላይ አይደለም። ለልጁም ይህን ለማስረዳት ቫን ዳም በ2008 ራሱን ሆኖ የተወነበትን ፊልም ነገርኩት። ገንዘብ ያለቀበት፣ ልጁን ለማሳደግ ፍርድ ቤት የሚመላለስ የፊልም ሰው ነው። መሀል ላይ ወደ ካሜራው ዞሮ ስለ ሕይወቱ ለደቂቃዎች ያወራል፣ ያለቅሳል። እንደዚያ እያስለቀሰህ ያው ፊልም ያስቅሃል። እዚያው ፊልም ውስጥ አንድ ሥራ ሌላው የአክሽን ተዋናይ ስቲቨን ሲጋል ወስዶበታል። ለምን? ሲጋል ያንን ከኋላ የሚያስረውን ፀጉሩን ለመቆረጥ ስለተስማማ።

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋ። «ሲጋል? ያንን ፀጉር?» አለ። ወንበሩ ላይ ግማሽ ራሱን የተላጨው ሰውዬ ከት ብሎ ሳቀ። ልጁም ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ «ስሙ ማነው ፊልሙ?» ብሎ መፈለግ ጀመረ።