የባሕር ፈረስን በቤት ገንዳ ማኖር

የባሕር ፈረስ አይመስልም እንጂ ዓሣ ነው። ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ይዋኛል፣ በጅራቱ ያገኘውን ይጨብጣል። ጥርስ የለውም፣ ጨጓራም የለውም። በቤት ውስጥ ማኖሩን ከባድ የሚያደርገው በተለይ ይሄ የጨጓራው ነገር ነው። የበላው በሆዱ ሳይቆይ በቶሎ ያልፋል። ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መብላት አለበት። ከፈጣን ዓሦች ጋር ከተቀላቀለ ግን እሱ አይቶ እስኪጠጋ ምግቡ አልቋል። ለሌላ ዓሣ የተሠራ ገንዳ ውስጥ ጣል ማድረግ አያዋጣም፤ የራሱ ቤት ያስፈልገዋል።

ገንዳው ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ይታያል። ለአንድ ጥንድ ቢያንስ 110 ሊትር ገደማ የሚይዝና 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከፍታ ያለው ይመረጣል። ወንዱና ሴቷ ሲጣመሩ ጎን ለጎን ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እንቁላሉም በወንዱ ሆድ ላይ ወዳለው ከረጢት የሚገባው ያኔ ነው። ውኃው ጥልቀት ካነሰው እንቁላሉ ወለል ላይ ይቀራል። ጅራታቸውን የሚጠመጥሙበት የባሕር ተክል ወይም ሰው ሠራሽ ኮራልም ይቀመጥላቸው። የፓምፑ መሳቢያ በስፖንጅ ካልተሸፈነ ጅራት ይስባል።

የወጥ ቤት ጨው አይሆንም። ለገንዳ የተዘጋጀው የባሕር ጨው ከተጣራ ውኃ ጋር ይበጠበጣል፣ በሊትር ወደ 35 ግራም። ውኃው ሲተን ጨው አብሮ ስለማይተን የሚሞላው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ከዚያ ትዕግሥት ነው፦ ከቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ጉዳቱ ወዳነሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ እንስሳ አይገባም።

ለተለመዱት ዝርያዎች ሙቀቱ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቪብሪዮ የተባለው ባክቴሪያ ይፋፋማል፣ የባሕር ፈረስን ደግሞ ክፉኛ ይጎዳል። ገንዘብ ካጠረ ከሚያምረው መብራት በፊት የውኃ ማቀዝቀዣው ይገዛ።

ዋናው ምግብ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ የባሕር እንስሳ) ነው። ቀልጦና ታጥቦ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀርባል፤ ቦታውን ይለምዱታል። የተረፈው ወዲያው ይወጣ፣ አለበለዚያ ውኃውን ያበላሻል። በእርባታ የተወለዱት ይህን ለምደው ይመጣሉ። ከባሕር የተያዙት ግን ብዙ ጊዜ ሕይወት ያለው ካልሆነ እምቢ ይላሉ፣ ጥገኛ ተውሳክም ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ዓለም አቀፍ ንግዳቸውም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የመጥፋት ሥጋት ያለባቸውን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በሚገዛው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ስለዚህ የእርባታውን መግዛት ይሻላል።

ለጎረቤትነት ቀንድ አውጣ ይስማማቸዋል። ሸርጣን ጅራት ይቆነጥጣል፣ አኔሞን የሚባለው አበባ መሰል የባሕር እንስሳም ይነድፋል።

የሚያረግዘው ወንዱ ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ተሸክሞ እንደ ዝርያው በመቶ የሚቆጠሩ ግልገሎችን ይለቃል፤ አብዛኞቹ ግን አያድጉም። የግልገሎቹ ምግብ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨዋማ ውኃ የሚኖር ደቃቅ እንስሳ) ነው፣ እሱም ለመፈልፈል አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ግልገሎቹን ማሳደግ የፈለገ ሰው የአባትየው ከረጢት መነፋት ሲጀምር የአርቴሚያውን እንቁላልና ሌላ ትንሽ ገንዳ ከወዲሁ ያዘጋጃል።