ስሊም ፊት ምንድን ነው?

«ስሊም መልበስ ከፈለግክ ከልክህ ሁለት ቁጥር ዝቅ በል። 41 ለባሽ ከሆንክ 39 ውሰድ፤ ልክክ ይልልሃል።» ይህ ምክር ሰሞኑን እንደገና ሲዘዋወር አየሁት። መካሪው ክፉ አስቦ አይደለም። ምክሩን ሰምቶ የሄደ ሰው ግን ይዞ የሚመለሰው ትንሽ ሸሚዝ ነው እንጂ ስሊም ሸሚዝ አይደለም።

ስሊም የቅድ፣ ማለትም የጨርቁ አቆራረጥ፣ ስም ነው። አንገቱ 41 ሴንቲሜትር የሆነ ስሊም ሸሚዝና አንገቱ 41 የሆነ መደበኛ ሸሚዝ የተሰፉት ለአንድ ዓይነት አንገት ነው። የሚለያዩት ከዚያ በታች ነው፦ ከደረት ወደ ወገብ ሲወርድ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚጠብ፣ እጅጌው የሚገጠምበት ቀዳዳ ምን ያህል ወደ ብብት እንደሚጠጋ፣ እጅጌው ራሱ ክንድ ላይ ምን ያህል እንደሚሰፋ።

ሁለት ጀበና ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንገታቸው እኩል ነው፤ አንዱ ውታፍ ለሁለቱም ይሆናል። የአንዱ ሆድ ግን ሰፊ ነው፣ የሌላው ሸንቀጥ ያለ። ሸሚዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚነግራችሁ ስለ አንገቱ ነው፤ «ስሊም» የሚለው ቃል ስለ ሆዱ። ሸንቀጥ ያለውን የፈለገ ሰው ትንሽ ጀበና ቢገዛ ሆዱ መጥበቡ አይቀርም፤ አንገቱም ግን አብሮ ይጠባል፣ ውታፉ አይገባም፣ እጀታው ለጣት አይበቃም። ሁለት ቁጥር ዝቅ ያለ ሸሚዝም እንዲሁ ነው። በብዙ ፋብሪካ አሠራር ሁለት ቁጥር ሲወረድ አንገቱ 2 ሴንቲሜትር፣ የደረቱ ዙሪያ ከ6 እስከ 8፣ ትከሻው ወደ 2 ሴንቲሜትር ይቀንሳል፤ እጅጌውም ያጥራል። ወገቡን ለማጥበብ ተብሎ የላይኛው ቁልፍ አይዘጋም፣ የትከሻው ስፌት ወደ አንገት ይሸሻል፣ እጅ ሲዘረጋ እጅጌው ከአንጓ በላይ ይቀራል። ከእነዚህ ሁሉ ደግሞ ትከሻውን መልሶ የሚያስተካክል ልብስ ሰፊ አታገኙም፤ ሸሚዙን ፈትቶ እንደ አዲስ መቁረጥ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ከዚያ በኋላ ቅድ።

አንገትን ሜትሩ ቆዳ ላይ ሳይጫን ከጉሮሮ እብጠት ሥር አዙሮ መለካትና ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር መጨመር ነው። 39 የለካ ሰው 40 ይለብሳል። ሲሞከር ኮሌታው ተቆልፎ ሁለት ጣት በጠፍጣፋው መግባት አለበት፤ ሁለቱን ጣት አቁሞ ማዞር ከተቻለ ሰፍቷል፣ ክራቫት ሲታሰርበትም ይጨማደዳል። ትከሻ ላይ ስፌቱ ማረፍ ያለበት አግድም የነበረው ትከሻ ወደ ክንድ መውረድ በሚጀምርበት አጥንት ጫፍ ነው። ግማሽ ሴንቲሜትር ወዲያ ወዲህ ቢል ችግር የለም፤ ሁለት ሴንቲሜትር ክንድ ላይ ከወረደ ግን ሸሚዙ የሌላ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቅዱ። ሸሚዝ ሰውነትን በትክክል አክሎ አይሰፋም፤ ለመተንፈስ፣ ለመቀመጥና ክንድ ለማንቀሳቀስ ትርፍ ይተውለታል። ስሊም ማለት ይህ ትርፍ አነስ ብሎ የተተወለት ማለት ነው፤ ትርፍ የሌለው ማለት አይደለም። የደረታችሁ ዙሪያ 100 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ መደበኛው ቅድ ደረቱ ላይ ከ114 እስከ 118 ይሆናል፤ ስሊሙ ከ108 እስከ 110። ወገቡ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ የመደበኛው ወገብ ከደረቱ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ቢያንስ ነው፣ የስሊሙ ግን ከ8 እስከ 10 ያንሳል። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ፋብሪካ ሁሉ የሚገደድበት አንድ የስሊም ልክ የለም፤ የአንዱ ስሊም የሌላው መደበኛ ሆኖ ይገኛል። ጽሑፉን አምኖ ከመግዛት ሜትር ይዞ መሄድ የሚሻለው ለዚህ ነው።

«ስሊም ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ነው» የሚለውን መካሪ ደጋግሜ የምቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው። የተጣበቀ ሸሚዝ ራሱን ያጋልጣል። ቆማችሁ መስታወት ፊት ተቆልፎ አምሮ ይታይ ይሆናል። ወንበር ላይ ተቀመጡ፦ ሰው ሲቀመጥ የወገቡ ዙሪያ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ከእምብርት በላይ ካለው ቁልፍ ግራና ቀኝ እንደ ጨረር የሚሄዱ መስመሮች ከወጡ፣ ወይም በሁለት ቁልፎች መሃል ጨርቁ አፍ ከፍቶ የውስጥ ልብስ ካሳየ ያ ሸሚዝ ጠብቧል። ሁለት እጃችሁንም መሪ እንደያዘ ሾፌር ወደ ፊት ዘርጉ፤ ጀርባው በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል ተወጥሮ ከጠረነቃችሁ ቅዱ ለእናንተ አይደለም። የተሠራለትን ሰው ያገኘ ስሊም ሸሚዝ ይህን ሁሉ ያልፋል።

ብዙ ሰው የማያየው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው፣ እጅጌው የሚገጠምበትን ቀዳዳ ነው። የብብት ዙሪያ እንበለው። ሸሚዙን ልበሱና ቀኝ እጃችሁን ከመደርደሪያ ዕቃ እንደምታወርዱ ሽቅብ አንሱ። ሸሚዙ ከሱሪው ተመዝዞ ከወጣ ብዙ ሰው «አጥሮኛል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቁመት አይደለም። የብብት ዙሪያው ግርጌ ከብብታችሁ 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ፣ እጅጌው ከሸሚዙ ጎን ጋር የተሰፋው እዚያ ታች ነው፤ ክንድ ሲነሳ ጎኑን በሙሉ ጎትቶ ይዞት ይወጣል። ግርጌው ከብብት 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ብቻ ከራቀ ግን ክንድ የሚነሳው ከመጋጠሚያው አጠገብ ስለሆነ ጎኑ ብዙም አይነቃነቅም። ሰፊ ቀዳዳ እጅን ነጻ የሚያደርግ ይመስላል፤ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። በደንብ የተቆረጠ ስሊም ሸሚዝ ከልክ በላይ ሰፊ ከሆነው ይልቅ ለእንቅስቃሴ የሚመቸው በዚህ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ሰፊ ሸሚዝ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ «ስሊም አድርግልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ሰፊው ሁለቱን ጎን ከብብት እስከ ታች ያጠብባል፣ ወገቡም ያምራል። የብብት ዙሪያው ግን እዚያው ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ አሁን ደግሞ ጎኑ ላይ የነበረው ትርፍ ጨርቅ የለም። ክንድ ሲነሳ የሚሰጥ ነገር ስለሌለ ሸሚዙ ከበፊቱ የባሰ ይመዘዛል። ጀበናውን እዚህ ልተወው ይገባል፤ ሸክላ ከተተኮሰ በኋላ ሆዱ አይጠብም፣ ጨርቅ ግን ይጠባል፤ ሰዉን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

ከብብት በታች ብቻ ሰፍቶ ላስቸገረ ሸሚዝ የተሻለው ዘዴ ጎኑን ሳይነኩ ጀርባው ላይ ሁለት ፔንስ ማስያዝ ነው፤ ከትከሻ አጥንት በታች ተጀምረው ወገብ ላይ በጣም ሰፍተው ዳሌ ላይ የሚያልቁ ሁለት ቀጫጭን እጥፋቶች። እያንዳንዱ 1 ሴንቲሜትር ጥልቀት ካለው 2 ሴንቲሜትር ጨርቅ ይውጣል፤ ሁለቱ 4 ይሆናሉ። ለብዙ ሰው ይበቃል። መቀመጫው ወጣ ያለ ሰው ከሆነ ፔንሱ ዳሌ ከመድረሱ በፊት ይለቅ፤ አለዚያ የሸሚዙ ጭራ ይወጠራል። ሰፋ ያለ መስመር ወይም ዳማ ያለበት ጨርቅ ላይ ሥዕሉ እንደሚሰበር ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎኑ የግድ ይጥበብ ከተባለ ደግሞ በአንድ ጎን ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ድረስ ብቻ፣ ስፌቱም ከእጅጌው ሥር ተጀምሮ ሳይቋረጥ እስከ ታች ይውረድ፤ ብብት ላይ ድንገት የሚጀምር ማጥበብ እዚያው ቋጠሮ ይፈጥራል።

«ቦርጭ ያለው ስሊም አይልበስ» የሚለውስ? ግማሹ እውነት ነው። የሚወስነው የደረትና የወገብ ልዩነት ነው። ደረቱ 100፣ ወገቡ 88 የሆነ ሰው ስሊም ይስማማዋል። ደረቱ 100፣ ወገቡ 98 ከሆነ ወገቡ ከ98 እስከ 102 የሆነ ስሊም ሸሚዝ በቂ ትርፍ አይተውለትም፤ መደበኛውን፣ በዚያው የአንገት ቁጥር ይውሰድ። እዚህ ላይ የሚሰጠው የተሳሳተ ምክር ደግሞ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፦ «ስሊሙን አንድ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርገህ ውሰድ»። ወገቡ ይሰፋል፤ አንገቱም ይሰፋል፣ ትከሻውም ይወድቃል። ስህተቱ ያው ቅድን በቁጥር ለማስተካከል መሞከር ነው።

ሻጮች የሚሉት «ስትለብሰው ይለቅልሃል» የሚለውም አለ። ቆዳ ጫማ ይለቃል። በድርና በማግ የተሠራ የጥጥ ሸሚዝ ግን አይለቅም፤ እንዲያውም መጀመሪያ በታጠበባቸው ጊዜያት ከ1 እስከ 3 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል። 2 በመቶ ቢሰበሰብ 65 ሴንቲሜትር የነበረ እጅጌ 1.3 ሴንቲሜትር አጠረ፣ 40 የነበረ አንገት ወደ 39 ተጠጋ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ልክክ ያለ ሸሚዝ ከወር በኋላ የሚያንቀው ከዚህ የተነሳ ነው። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ብዙም አይሰበሰብም፤ ላብ ግን እንደ ጥጥ አይመጥም። የሚለጠጥ ክር የገባበት ጨርቅ ደግሞ የተሳሳተ ልክን ይሸፍናል፤ ቁልፉ አፍ ሳይከፍት ሊያልፍ ይችላል፣ የትከሻውን ስፌት ግን ወደ ቦታው አይመልሰውም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «ሸሚዝ ልላክልህ፣ ቁጥርህ ስንት ነው?» ሲል «ሚዲየም» ብሎ መመለስ አይበቃም፤ ሚዲየም ብዙውን ጊዜ ሁለት የአንገት ቁጥሮችን በአንድ የሚጠቀልል ነው። እዚያ የቢሮ ሸሚዝ ላይ የሚጻፈው ሁለት ቁጥር ነው፣ በኢንች፤ ለምሳሌ 16 ከዚያም 34/35። የመጀመሪያው አንገት ነው፦ 15½ ማለት 39፣ 15¾ ማለት 40፣ 16 ማለት 41፣ 16½ ማለት 42። ሁለተኛው የእጅጌ ነው፤ አለካኩ ግን ከእኛ ይለያል። ሜትሩ የሚነሳው ከማጅራት መሃል ነው፤ በትከሻ ላይ አልፎ፣ በትንሹ በታጠፈ ክርን በኩል እስከ አንጓ ይደርሳል። ከትከሻ ስፌት እስከ አንጓ 65 ሴንቲሜትር ለሆነና ትከሻው ከጫፍ እስከ ጫፍ 46 ለሆነ ሰው፣ የትከሻው ግማሽ 23 ሲደመር 88 ይሆናል፤ 34/35 ውስጥ ይገባል። ከዚህ በኋላ «ስሊም» ወይም «መደበኛ» የሚለውን ሦስተኛ ነገር አድርጎ መጨመር ነው።

በቴሌግራም ለሚገዛም ቀላል መንገድ አለ። የሚስማማችሁን ሸሚዝ ቆልፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ከብብት ስፌት እስከ ብብት ስፌት፣ ወገቡ በጣም በጠበበበት ቦታ ከጎን እስከ ጎን፣ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት፣ ከትከሻ እስከ እጅጌ ጫፍ፤ አራቱን ለኩና ሻጩ ያንኑ ለክቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ከብብት ብብት ያለው ልዩነት ከ1 ሴንቲሜትር ካለፈ ዙሪያው ከ2 በላይ ተለያይቷል ማለት ነው። አገልግሎት ላይ የቆየ ሸሚዝ ታጥቦ የተሰበሰበ ስለሆነ ከአዲሱ ጋር ሲወዳደር እጅጌ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይታሰብለት።

ማስተካከያ የሚያስፈልገው ከሆነ ሸሚዙ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ በካውያ ይተኮስ፤ ሳይታጠብ የተቆረጠ እጅጌ ኋላ ያጥራል። እጅጌ ከጫፉ ሲያጥር እስከ 3 ሴንቲሜትር ድረስ ችግር የለውም፤ ከዚያ ካለፈ አንጓው አጠገብ ያለው ክፍት ስለሚያጥር እጅጌውን መጠቅለል ያስቸግራል። ኮሌታው ትንሽ ካጠበቀ ቁልፉን ወደ ጫፉ በግማሽ ሴንቲሜትር ማዛወር ይቻላል፤ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ግን የኮሌታው ሁለት ጫፎች መሃል ላይ አይገናኙም።