«ድርቅን የሚቋቋም» ተክል ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ችግኝ ተከላ ሲያወራ «ይሄ ድርቅን የሚቋቋም ነው፤ ውሃ አይፈልግም፤ ተክለን እንተወዋለን» አለ። ይህችን አባባል ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌያታለሁ። አሁን ግን አላስቻለኝም።

ወንድሜ፣ ውሃ የማይፈልግ ተክል የለም። ድርቅን መቋቋም ውሃ ሲጠፋ ሳይሞቱ የመቆያ ዘዴ ነው። ዘዴው ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል።

በሱቅ ልመስለው። ቅጠል ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሱቁ በር ናቸው። ተክሉ ምግብ የሚሠራበት አየር የሚገባው በዚያ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ውሃ ተኖ ይወጣል። ዝናብ ሲኖር ያዋጣል። በበጋ ኪሳራ ነው።

ከርቤ የሚባለው የቆላ ቁጥቋጦ በበጋ ሱቁን ጭራሽ ይዘጋል። ሠራተኞቹን፣ ማለትም ቅጠሎቹን፣ ያሰናብታል። ከማሰናበቱ በፊት ግን ንብረቱን ይረከባል። ተክሎች ቅጠል ከማርገፋቸው በፊት ውስጡ ካለው ናይትሮጅን ከሚባለው ንጥረ ምግብ በአብዛኛው ግማሽ ያህሉን ወደ ግንዳቸው ይመልሳሉ።

«ታዲያ ደርቆ የለም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። በሶማሌ ክልል ቆላ፣ ጂላል በሚሉት ደረቅ ወቅት፣ አንድ ከርቤ አጠገብ ቁሙ። የምታዩት እሾህና ቅርንጫፍ ብቻ ነው። እንደ ወረቀት የሚላጠውን ቅርፊት ቀስ ብላችሁ ግለጡት። ከሥሩ አረንጓዴ ነው። ያ አረንጓዴ ተክሉ ሲተነፍስ ያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን መልሶ ይጠቀምበታል። በሩ ቢዘጋም ጓዳ ውስጥ ሥራ አለ። ትርፍ አልለውም፤ ኪሳራን መቀነስ ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥቋጦ «ሞቷል» ብሎ ለማገዶ መቁረጥ ያንገበግበኛል።

ክትክታ የሚባለው ቁጥቋጦ ደግሞ ቅጠሉን ይዞ ይቆያል እንጂ አይዘጋም፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ይሠራል። ቅጠሉን በጣታችሁ እሹት፣ ይጣበቃል። የሚያብለጨልጨው ሙጫ ትነትን ይቀንሳል። አደጋው ሌላ ነው። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ በግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያሳልፉት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጠራሉ። ውጥረቱ ሲበዛ አየር ይገባባቸዋል። አየር የገባበት ቱቦ ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ስላያችሁት ምንም አልሆነም አትበሉ። እኛ ተክል የምናጠና ሰዎች የተክልን ጥም የምንለካው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ በሩ ሌሊት ሲዘጋ ተክሉና አፈሩ ስለሚመጣጠኑ። በቀን የሚለካ ቁጥር የሰዓቱን ሙቀትም ይዞ ይመጣል።

ወደ ችግኙ ልመለስ። ከችግኝ ከረጢት የወጣ ተክል ገና ካፒታል የሌለው ነጋዴ ነው። ሱቁን ዘግቶ የሚበላው የለውም። ያ ሁሉ ዘዴ የሚሠራው ሥሩ ጠልቆ፣ ግንዱ ስንቅ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ዝርያው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የመጀመሪያውን በጋ፣ ቢቻል ሁለተኛውንም፣ አጠጡት። በዝናብ ብቻ የምትተማመኑ ከሆነ ክረምቱ እንደገባ ትከሉ፤ ዝናቡ ሊወጣ ሲል አይሆንም። ስታጠጡም በየቀኑ ላዩን ብቻ አትርጩት። አልፎ አልፎ፣ ግን ጠልቆ እስኪሰርግ አጠጡት። ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል።