የ«ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ሌዘርዲስኮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዴቪድ ሊን በ1962 ለእይታ ያበቃው «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አረቦች በኦቶማን ቱርኮች ላይ ያነሱትን አመፅ የሚተርክ ፊልም ነው። ከታሪካዊ የጦርነት ፊልሞች ሁሉ ይህን የሚያህልብኝ የለም። ፊልሙን በሌዘርዲስክ (ከዲቪዲ በፊት በነበረው ትልቅ የፊልም ዲስክ) የሚሰበስቡ ሰዎች እትሞቹን ሲያወዳድሩ ግን የማይሆኑ ሐሳቦች ደጋግመው ይሰማሉ። ጥሩውን አስጥለው መጥፎውን የሚያስገዙም አሉባቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሌዘርዲስክ ትልቅ ዲቪዲ ነው። ዲጂታል ስለሆነ በየትኛውም ማጫወቻ ምስሉ ያው ነው።»

በፍጹም። በ1978 ገበያ ላይ የዋለው ይህ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ የሚነበበው በሌዘር ይሁን እንጂ ምስሉ አናሎግ ነው። ዲጂታል የሆነው በኋላ የተጨመረው ድምፅ ብቻ ነው። ቀለምና ብርሃን በአንድ ሲግናል ተደባልቀው ነው የተቀረጹት። ስለዚህ ምስሉ ከመታየቱ በፊት ማጫወቻው ወይም ቴሌቪዥኑ መለየት አለበት። አንዱ ጥርት አድርጎ ይለያቸዋል። ሌላው በቀለሞች ድንበር ላይ የሚርመሰመሱ ነጥቦች ይተዋል። አንዱን እትም በአንድ ማጫወቻ፣ ሌላውን በሌላ ማጫወቻ አይቶ «ይሄኛው ይበልጣል» ማለት ያወዳደረው ማጫወቻዎቹን እንጂ ዲስኮቹን አይደለም።

«ከላይና ከታች ጥቁር ያለበት እትም ምስሉ የተቆረጠ ነው።»

እውነቱ የዚህ ግልባጭ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝም ይህኛው ስህተት ነው።

ፊልሙ የተቀረጸው በ65 ሚሊ ሜትር ነጌቲቭ ሲሆን የምስሉ ስፋት የቁመቱ 2.2 እጥፍ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ስፋት ግን የቁመቱ 1.33 እጥፍ ብቻ ነው። ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች የሚሞላው እትም ከጎንና ከጎን ቆርጦ ነው የሚሞላው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከምስሉ 40 በመቶ ገደማ ይጠፋል።

ተዋናዩ ዑመር ሸሪፍ መጀመሪያ የሚመጣበትን ትዕይንት አስታውሱ። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ እንግሊዛዊው መኮንን ሎውረንስና መንገድ መሪው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ናቸው። በአድማሱ ላይ በሙቀቱ የሚንቀጠቀጥ አንድ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ነጥቡ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ግመል ይሆናል፣ ከዚያ ጋላቢ ይሆናል። የካሜራ ባለሙያው ፍሬዲ ያንግ ይህን የቀረጸው በጣም ረጅም በሆነ ሌንስ ነው። በተቆረጠው እትም ላይ ጋላቢው አለ፤ ማንም አልነካውም። የተቆረጠው በረሃው ነው። ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ከግራና ከቀኝ ስታነሱት ሰውየው ከሩቅ የመጣ መሆኑ ቀርቶ ብቻ የመጣ ይሆናል። ትዕይንቱ እኮ የተሠራው በባዶነቱ ነው!

ሙሉው ስፋት ያለው እትም ግን ዋጋ ያስከፍላል። በአሜሪካና በጃፓን ስታንዳርድ፣ በኤንቲኤስሲ፣ ለምስል ከሚያገለግሉት 480 መስመሮች ለፊልሙ የሚቀሩት 290 ገደማ ናቸው። የቀሩት ጥቁር ይሆናሉ። ስለዚህ ያ ነጥብ በትንሽ ስክሪን ላይ ይበልጥ ያንሳል፣ ዝርዝሩም ይቀንሳል። እኔ ግን ያለ አንዳች ማመንታት ሙሉውን ስፋት እመርጣለሁ።

«ቀድሞ የወጣው ዲስክ ለዋናው ፊልም ይቀርባል።»

ምክንያታዊ ይመስላል፤ በዚህ ፊልም ግን አይሠራም። ሲመረቅ 222 ደቂቃ የነበረው ፊልም ብዙም ሳይቆይ 20 ደቂቃ ገደማ ተቀነሰለት። በ1971 እንደገና ሲወጣ ደግሞ 187 ደቂቃ ላይ ወርዶ ነበር። የጠፉት ክፍሎች ተፈልገው የተመለሱት ሮበርት ሃሪስ በመራውና በ1989 በተጠናቀቀው እድሳት ነው። ለአንዳንዶቹ ትዕይንቶች ምስሉ ቢገኝም ድምፁ አልነበረም። ስለዚህ ተዋናዮቹ ፒተር ኦቱልና አሌክ ጊነስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የራሳቸውን ንግግር እንደገና ቀረጹ። ሌላው ተዋናይ ጃክ ሆኪንስ በ1973 አርፎ ስለነበር የእሱን ቦታ በድምፅ የሸፈነው ቻርልስ ግሬይ ነው።

ከ1989 በፊት የታተመ ዲስክ ይህን ሥራ ሊይዝ አይችልም። አሮጌነቱ ለሰብሳቢ ክብር ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ ግን ጎዶሎ ነው።

«ታዲያ የታደሰው ለምን 222 ደቂቃ አልሞላም?» የሚልም አይጠፋም። ሊን ራሱ እድሳቱ ላይ ተቀምጦ አንዳንድ ቦታዎችን አሳጠረና 216 ደቂቃ ላይ አቆመው። የመክፈቻው፣ የእረፍቱና የመዝጊያው ሙዚቃ ሲጨመር 227 ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች በሽፋን ላይ ተለያይተው ብታዩ አትደንግጡ።

«የአውሮፓው እትም ዘጠኝ ደቂቃ ስለሚያንስ ሳንሱር ተደርጓል።»

ማንም አልነካውም። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። ፓል በተባለው የአውሮፓ ስታንዳርድ ግን 25 ሆኖ ይሄዳል፤ 4 በመቶ ይፈጥናል ማለት ነው። 227 ደቂቃው 218 ገደማ ላይ ያልቃል። በምትኩ የምስል መስመሮቹ ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ፊልም 350 ገደማ ይደርሳሉ። ጆሮ ያለው ሰው ግን የሞሪስ ዣር ሙዚቃ ትንሽ ቀጥኖና ቸኩሎ ይሰማዋል። እኔ ለሙዚቃው አደላለሁ። ለምስሉ የሚያደላ ሰው አልተሳሳተም።

«ሲኤቪ የተባለው ምንጊዜም ከሲኤልቪ ይሻላል።»

ሁለቱ የሌዘርዲስክ አቀራረጽ ዓይነቶች ናቸው፤ የትኛው እንደሚሻል ለምን እንደምትፈልጉት ይወስነዋል። ሲኤቪ በአንድ ዙር አንድ ፍሬም ስለሚይዝ ምስሉን ቀጥ አድርጎ ማቆም ይቻላል። ሎውረንስ ክብሪቱን እፍ ሲል ወደ በረሃው ንጋት የሚሻገርበትን የፊልሙን አርታኢ የአን ኮትስን ቁርጥ ፍሬም በፍሬም ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም። ግን አንዱ ገጽ የሚይዘው 30 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ፊልሙ ስምንት ገጽ ይፈጃል። ሲኤልቪ በአራት ገጽ ይጨርሰዋል። ተቀምጦ በወጉ ለማየት ሲኤልቪ ይበቃል።

«የጃፓን ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ።»

የጃፓን ፋብሪካዎች ሕትመት ንጹሕ በመሆኑ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ንጹሕ ሕትመት ለዲስኩ ምንጭ የሆነውን መጥፎ የፊልም ቅጂ ጥሩ አያደርገውም። የጃፓንኛው የግርጌ ጽሑፍም ብዙውን ጊዜ ከምስሉ ጋር አብሮ የታተመ ስለሆነ ማጥፊያ የለውም።

«የኔ ዲስክ ነጠብጣብ ስላለው ይህ እትም መጥፎ ነው።»

አንድ ቅጂ አይቶ በእትሙ ሁሉ ላይ መፍረድ አይገባም። ዲስኩ ሁለት የተጣበቁ የፕላስቲክ ገጾች ሲሆኑ መሐላቸው ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን አለ። ማጣበቂያው ወይም አስተሻሸጉ ጥሩ ካልሆነ ሽፋኑ ይበላሻል፣ ምስሉም ላይ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ ይታያል። ማጽዳት አያድነውም፤ ከዲስክ ወደ ዲስክም አይጋባም። አንዱ ገጽ ተበላሽቶ ሌላው ደህና ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያውን ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም። በዚህ ፊልም መፈተሻው ቀላል ነው። በየገጹ ሰማይና አሸዋ ብቻ የሚታይበትን ቦታ ፈልጉና ቀርባችሁ እዩት፤ ብልሽት ካለ እዚያ መደበቂያ የለውም።