ስለ ትልቁ ብቸኛ ቁጥር የሚነገሩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ብቸኛ ቁጥር ላይ፣ ማለትም ከ1 የሚበልጥና ለ1 እና ለራሱ ብቻ ያለቀሪ የሚካፈል ቁጥር ላይ ስንደርስ፣ እነዚህ አመለካከቶች በየዓመቱ ይመለሳሉ።

«ለ2፣ ለ3 እና ለ5 ካልተካፈለ ብቸኛ ነው»

አንዲት ተማሪ ስለ 91 አጥብቃ ተከራከረችኝ። ሰፌድ አምጥተን 91 ሽምብራ ቆጠርን። በሦስት ረድፍ ስትደረድረው አንድ ፍሬ ተረፈ፤ በአምስትም አንድ ተረፈ። በሰባት ረድፍ ግን እያንዳንዱ 13 ፍሬ ይዞ ልክክ አለ። ስድስት ፍሬ ጨምረን 97 ስናደርገው የቱም አደራደር አልገጥም አለ። ብቸኛነት ይህ ነው።

«የመጨረሻው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ተገኝቷል»

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት ያገኘው ቁጥር 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚመጣ ነው። 41,024,320 አሃዞች አሉት። እያንዳንዱ አሃዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢይዝ፣ ሐረጎን ወርዶ ከደሴ ኮምቦልቻ አራት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢኬድ እንኳ ጽሑፉ አያልቅም። ያም ሆኖ እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት ትልቁ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ኡክሊድ ከ2,300 ዓመታት ገደማ በፊት አሳይቷል፦ የምናውቃቸውን ሁሉ አባዝተን 1 ብንጨምር ውጤቱ ለየትኛቸውም ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ከዝርዝራችን ውጪ የሆነ ብቸኛ አካፋይ የግድ አለው። እዚህ ላይ ጎበዞቹም ይሳሳታሉ፤ ውጤቱ ራሱ ብቸኛ ነው ይላሉ። 2×3×5×7×11×13+1 የሚሰጠው 30,031 ግን 59×509 ነው።

«ባንኮች የሚጠቀሙት ይህንን ነው»

አይደለም። ለምስጢር ቁልፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ያሏቸው ብቸኛ ቁጥሮች ይበቃሉ፤ ደግሞም መደበቅ አለባቸው። ዓለም ያወቀው ቁጥር ምን ይደብቃል?

«እንዲህ ያለ ቁጥር ያለ ኮምፒውተር አይነካም»

ልጆቹን ከሒሳብ የሚያርቃቸው ይህ ስለሆነ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የዱራንትን ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ በአንድ ጠመኔ እናገኘዋለን። 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያልን ስናባዛ የመጨረሻዎቹ አሃዞች 2፣ 4፣ 8፣ 6 ሆነው በየአራቱ ይደጋገማሉ። 136,279,841 ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ብዜቱ በ2 ያልቃል፤ 1 ሲቀነስ ደግሞ በ1። የሰፈር ልጅ ከሰሌዳ ፊት ቆሞ የ41 ሚሊዮን አሃዞችን ጫፍ ሲይዝ ማየት ደስ ይላል።

«ከሁለቶች ብዜት 1 ከተቀነሰ ሁልጊዜ ብቸኛ ይሆናል»

የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሲሆንም ዋስትና የለም። 11 ሁለቶች 2,047ን ይሰጣሉ፤ እርሱም 23×89 ነው። የ67ቱ ታሪክ ደግሞ ሌላ ስህተት ያርማል፤ «አካፋዩ ካልታወቀ ብቸኛ አለመሆኑን ማወቅ አይቻልም» የሚለውን። ፈረንሳዊው ኤዱዋርድ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አንድም አካፋይ ሳያገኝ አረጋገጠ። አካፋዮቹን እ.ኤ.አ. በ1903 ያቀረበው አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል ነው። ሰሌዳው ላይ በአንድ በኩል 147,573,952,589,676,412,927ን አስልቶ፣ በሌላ በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዝቶ እኩል መሆናቸውን እንዳሳየና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ መቀመጫው እንደተመለሰ ይነገራል።